«ደጋፊ» እና «ቲፎዞ» አንድ ናቸውን? የተማሪዬን ድርሰት ላርመው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ የአማርኛ መምህርት፣ ከአራት ኪሎ

በአራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ አባታቸው ወይም ስለ እናታቸው ድርሰት እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። አንደኛው ተማሪ «አባቴ የሰፈራችን ዕድር ደጋፊ እንጂ የማንም ቲፎዞ አይደለም» ብሎ ጻፈ። እኔም «ቲፎዞ» የሚለውን በቀይ አስምሬ፣ ከጎኑ «የባዕድ ቃል ነው፤ ደጋፊ በል» ብዬ ጽፌ ሁለት ነጥብ ቀነስሁበት።

ልጁ በዕረፍት ሰዓት ወደ መምህራን ክፍል መጥቶ በትሕትና ያቀረበልኝ መከራከሪያ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። «መምህር፣ እንዳሉኝ ባርመው ዓረፍተ ነገሩ ‹አባቴ ደጋፊ እንጂ ደጋፊ አይደለም› የሚል ይሆናል» አለኝ። መልስ ስላጣሁ «ነገ እንነጋገራለን» ብዬ አሰናበትሁት፤ ነገ ካልሁት ይኸው አምስተኛ ቀኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን ከፍቼ ስሰማ፣ ከኳስ ሜዳ የወጡ ቃላት ያልገቡበት የኑሮ ክፍል የለም ለማለት ይቻላል። የታክሲው ረዳት ወረፋ ጥሶ የገባውን ተሳፋሪ «ኦፍሳይድ ነህ» ይለዋል፤ ጎረቤታሞችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ወደ አንዱ ወገን ካደላ «ዳኛው ቲፎዞ ሆነ» ተብሎ ይታማል፤ ከሥራው የተሰናበተ ሰው «ቀይ ካርድ አየሁ» ይላል። ይህን ከሚናገሩት መካከል ስታዲየም ገብተው የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዬ ስለ አንድ ቃል እርማት ብቻ አይደለም። አንድ ከተማ ስለ ፍርድ፣ ስለ ወገንተኝነትና ስለ ጥፋት የሚናገርበትን ቃል ከጨዋታ ሜዳ የሚወስድ ከሆነ፣ ይህ ስለ ነዋሪዎቹ ምን ይነግረናል? በተለይ የቀድሞውን ስታዲየም በሚገባ የምታውቁ ሰዎች ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከስታዲየም ጀርባ ያደገ ጡረተኛ

የተከበሩ መምህርት፣ ልጁ ልክ ነው፤ ሁለቱን ነጥብ ይመልሱለት።

ያደግሁት ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ወደ ለገሃር በሚወስደው በኩል ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ሲደረግ የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ። የመግቢያ የሚከፍልልኝ ሰው ስላልነበረ ጨዋታውን የተከታተልሁት በጆሮዬ ነው፤ ከአጥሩ ሥር ከሰፈር ልጆች ጋር ተቀምጠን ጩኸቱን እንቆጥር ነበር። መጀመሪያ የመጣው ዝምታ ነበር። ግብፅ፣ የዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር፣ ማግባቷን ያወቅነው በዚያ ዝምታ ነው። ከዕረፍት በኋላ ተክሌ ኪዳኔ አቻ ሲያደርገን አጥሩ ራሱ የተንቀጠቀጠ መሰለን፤ ጩኸቱ ሳይበርድ ግን፣ በደቂቃ ውስጥ፣ ያው ዝምታ ተመለሰ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገን፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ጨምረው 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ጃንሆይ በእጃቸው ለሉቻኖ መስጠታቸውን የሰማነው ከስታዲየሙ ከወጡት ሰዎች አፍ ነው።

በኋላ ዕድሜዬም ኪሴም ሲፈቅድ የካታንጋ ሰው ሆንሁ። ያላዩት ወጣቶች እንዲያውቁት ልንገራቸው፤ ስታዲየማችን የሰውን ኑሮ በስም ለይቶ ያስቀመጠ ቦታ ነበር። ክቡር ትሪቡንና ጥላ ፎቅ የሚቀመጡት ታውቀው ያደሩ ሰዎች ናቸው። ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ካታንጋ፣ ከማን አንሼ የሚባሉት ደግሞ የብዙኃኑ ነበሩ። ካታንጋ የኮንጎ ግዛት ስም ነው፤ በ1950ዎቹ ወታደሮቻችን በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወደ ኮንጎ ሲዘምቱ ግዛቲቱ በጦርነት ላይ ነበረችና ስሟን ያልሰማ ሰው አልነበረም። «ከማን አንሼ» ግን ማብራሪያ አይሻም፤ ጥላ ፎቅ ያልደረሰ ሰው ስለ ራሱ የተናገረው ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። «ቲፎዞ» እንደ ማልያ፣ እንደ ሪጎሬና እንደ ካልቾ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። በዚያ ቋንቋ «ቲፎ» የተስቦ በሽታ መጠሪያም ነው፤ ስለዚህ ቲፎዞ ማለት ትኩሳት የያዘው ሰው እንደ ማለት ነው። «ደጋፊ» ግን ከራሳችን ግሥ ይወጣል፤ ያዘመመ ቤት በባላ ይደገፋል፣ የታመመ ሰው በክንዱ ተይዞ ይደገፋል። ቀጥ ብሎ ለቆመ ቤት ባላ የሚያቆምለት የለም። በካታንጋ ይህን ልዩነት በዐይናችን እናየው ነበር። ቡድናችን ሦስት ለባዶ ሲመራ ከላይ እስከ ታች ሁሉም ሰው ይዘፍናል፤ ሦስት ለባዶ ሲመራበት ደግሞ ግማሹ ሰው ጨዋታው ሳያልቅ ተነሥቶ ይሄዳል። በነሐሴ ዝናብ ጋዜጣ ራሱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ፊሽካ የሚቆየው፣ ከዚያም ተጫዋቾቹን በር ላይ ጠብቆ «አይዟችሁ» የሚለው ሌላ ሰው ነው። እኛ ያንን ሰው ቲፎዞ ብለን ጠርተነው አናውቅም። የልጁ አባት በዕድሩ ውስጥ ድንኳን ተካይ፣ አስከሬን ተሸካሚ ከሆነ፣ ልጁ ቃሉን የመረጠው አውቆ ነው።

መልስ፦ በሬዲዮ የስፖርት ክፍል የሠራ

ከጋሼ ጋር በዋናው ነገር እስማማለሁ። በመምህርት ቀይ መስመር ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ «የባዕድ ቃል» ተብሎ መሰረዙ ልክ አይመስለኝም። ፒያሳም ካዛንቺስም መርካቶም በዚያው በር የገቡ ናቸው፤ ተማሪው «ከፒያሳ መጣሁ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ነጥብ አይቀነስበትም ነበር።

የእኛ ሙያ የቆመው በቃል ላይ ነው። ቴሌቪዥን በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን አድማጩ ሜዳውን የሚያየው በተናጋሪው አፍ ብቻ ነበር፤ ኳሱ በግራ ይሁን በቀኝ፣ አጥቂው ፊቱን ወደ ግቡ ያዙር ወይም ጀርባውን ይስጥ፣ ካልተነገረው አያውቀውም። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ፣ ቡድናችን ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፈበትን ጨዋታ ደምሴ ዳምጤ ያስተላለፈበት ድምፅ ዛሬም የብዙ ሰው ትዝታ ነው። ለሥራው የሚሆን አማርኛም ነበረ፦ ግብ ጠባቂ፣ ተከላካይ፣ የማዕዘን ምት፣ ቅብብል፣ ጥሎ ማለፍ፣ የመልስ ጨዋታ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ስለሚያውለበልብ «አራጋቢ» ይባል ነበር። እኔ ከሁሉም የምወደው «የባከነ ሰዓት» የሚለውን ነው፤ በከንቱ ያለፈችው ደቂቃ ሳትረሳ ተቆጥራ እንደምትመለስ በሁለት ቃል ይናገራል። ዛሬ «ፕሬስ አደረገ»፣ «ካውንተር አታክ ሄደ» የሚሉ ወጣት ባልደረቦቼን ስሰማ እነዚያ ቃላት ይናፍቁኛል፤ ሆኖም ወጣቶቹን አልከሳቸውም፣ ጨዋታውን የተማሩት ከእንግሊዝኛ ስርጭት ነውና።

እኔን የሚያሳስበኝ ከውጭ የመጣው ቃል ሳይሆን ከጦር ሜዳ የመጣው ነው። በስፖርት ዜና አንዱ ቡድን ሌላውን «ደመሰሰ»፣ «ረመረመ»፣ «አዋረደ» ማለት ተለምዷል። ሁለቱ ቡድኖች በማግሥቱ አንድ ካፌ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም በብሔራዊ ቡድን አንድ ማልያ ይለብሳሉ። እኔም ራሴ አንድ ምሽት «ደመሰሰ» ብዬ ዜና አንብቤያለሁ። ከስቱዲዮ ስወጣ እናቴ ደወለችልኝ፤ ሬዲዮኑን ከማዕድ ቤት ሆና በግማሽ ጆሮ ስትሰማ ነበርና «ደግሞ የት አገር ነው የተዋጉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ፍርሃት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ለጨዋታ ተጠቅሜ አላውቅም። መምህርት ተማሪዎችዎን የሚያርሙበት ቀይ ቀለም ካለዎት፣ እባክዎ ለዚህኛው ያቆዩት።

መልስ፦ በመድረክ ላይ ያረጀች

የጥያቄው ሥር «ጨዋታ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ «ተጫወቱ» እንለዋለን፤ ኳስ የሚመታው ይጫወታል፣ ክራር የሚመታውም ይጫወታል፣ ወግ የሚያውቅ ሰው ደግሞ «ጨዋታ ዐዋቂ» ይባላል። ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለንግግር አንድ ግሥ የሰጠ ሕዝብ ቃላቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢሻገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። በገና ዕለት ጃንሜዳ ላይ ሩር ሲመታ ባላገሩ ባለሥልጣኑን በግጥም ይነካው ነበር፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ለዚያ ነው። ጨዋታው ሩጫ ነው፣ ግጥም ነው፣ በሌላ ቀን የማይነገር እውነት የሚነገርበት ሰዓትም ነው።

በከተማችን መካከል ሁለቱ እንዴት አብረው እንዳደጉ ደግሞ የታሪክ ማስረጃ አለ። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ደግሞ በአራዳ ልጆች በ1928 ዓ.ም. ተቋቋመ። የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብና ሲጀመር፣ በጥቂት ወራት ልዩነት፣ ከተማዋ አንዱን እጇን ለመድረክ፣ አንዱን ለኳስ ሰጠች። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ሰዎችን ልጨምር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ የእርሳቸው ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተው፣ ጋሼ በአጥር ሥር የሰሙትን የ1954ቱን ቡድን አሠልጥነው፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መርተዋል። አባት በሰምና ወርቅ፣ ልጅ በኳስ፤ ይህን ሳስብ ስፖርትንና ኪነ ጥበብን ለሁለት የሚከፍሉት የጋዜጣ ዓምዶች ግራ ያጋቡኛል።

ለመምህርት አንድ ሦስተኛ ቃል ላቀብልዎ፤ «ታዳሚ»። ታዳሚ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም። በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። እኔ መድረክ ላይ ስወጣ የነበረው የታዳሚ ጉጉት፣ ስንጠብቀው የኖርነው የቃል ምላሽ ዛሬ ቀንሷል። በአዳራሹ ጨለማ ውስጥ ብዙ የስልክ መብራት አያለሁ። ሰዎቹ እየቀረጹኝ ነው፤ ለሌላ ቀን ያስቀምጡኛል እንጂ ዛሬ ከእኔ ጋር አይደሉም። የዘመኑን ሰው ከቃላቱ ለማንበብ ከፈለጉ፣ «ታዳሚ» የሚለው ቀስ በቀስ ወጥቶ «ተመልካች» የሚለው፣ አሁን ደግሞ «ተከታታይ» የሚለው ሲተካው ይመልከቱ።

መልስ፦ በየዓመቱ የምትሮጥ

አጭር ነገር ልጨምር። ታዳሚ የተባለውን እኔ ያገኘሁት በታላቁ ሩጫ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ መስቀል አደባባይ አንድ ዓይነት ከነቴራ የለበሰ ሰው ሲሞላ ተመልካቹና ተወዳዳሪው አይለዩም። አብዛኞቻችን ለማሸነፍ አንሮጥም፤ እየዘፈንን፣ እየጨፈርን፣ የማናውቀውን ሰው ውኃ እያጠጣን 10 ኪሎ ሜትሩን እንጨርሳለን። ሩጫ ለእኛ ሌላ ዓይነት ትዝታ አለው፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዐውደ ዓመት ዋዜማ ነበር። ለእርሱ ቲፎዞ ለመሆን ማንንም መጥላት አላስፈለገም። በኳስ ግን ልጆቼ አንዱን ቡድን ለመውደድ ሌላውን መሳደብ ያለባቸው ይመስላቸዋል፤ ያንን ከየት እንደ ተማሩት ይገባኛል፣ እንዴት እንደማስተዋቸው ግን ገና እየፈለግሁ ነው።

መልስ፦ የካዛንቺስ ልጅ

ጋሼ ስለ ስታዲየሙ ሲጽፉ እያነበብኩ ቀናሁ። እኔ 24 ዓመቴ ነው፤ ኳስ ያየሁት በዲኤስቲቪ ቤት ነው። ካዛንቺስ ውስጥ የምንሄድበት ቤት አግዳሚ ወንበሮች ነበሩት፣ መግቢያ ከፍለን ተጨናንቀን እንቀመጣለን፤ ግማሹ የአርሰናል፣ ግማሹ የማንቸስተር ነው። ያ ቤት ከሰፈሩ ጋር ፈርሶ ዛሬ የለም።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ስትጫወት እዚያው ነበርን። በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ተቃቅፈን ጮኽን። ማያ ገጹ ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነች፤ ጨዋታው የሚደረገው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው፤ የአገራችን ስታዲየሞች የኮንፌዴሬሽኑን መስፈርት አላሟሉም ተብለው ነበርና። ጋሼ በአጥር በኩል ጩኸቱን ሰምተዋል፤ እኔ ከዚያ አጥር በእግር የ20 ደቂቃ መንገድ ላይ ተቀምጬ የራሴን አገር የሜዳዋን ጨዋታ በሌላ አገር ሣር ላይ አየሁት። መምህርት ስለ ቃላት ከጠየቁ፣ «ባለሜዳ» የሚለው ቃል ለእኔ ትውልድ ትርጉሙን ያጣው እንዲህ ነው።

ሌላም አለ። ከጎኔ የተቀመጠ አብሮ አደጌ ግቡ ሲቆጠር አልተነሣም። ግብፅ ታሸንፋለች ብሎ ቤቲንግ ቤት ትኬት ቆርጦ ነበር፤ የቆረጠበት ገንዘብ ደግሞ የቤት ኪራይ ድርሻው ነው። ሁላችንም ስንዘል እርሱ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ወለሉን ያይ ነበር። በኋላ ወደ ቤት ስንሄድ «ደስ ማለት ፈልጌ አቃተኝ» አለኝ። ይህ ልጅ በልጅነታችን የብሔራዊ ቡድኑን ማልያ ታጥቦ እስኪደርቅ እንኳ መጠበቅ የማይችል፣ እርጥቡን የሚለብስ ልጅ ነበር። እርሱን ምን እንበለው? ደጋፊ አይደለም፤ ቲፎዞ እንዳይባል ትኩሳቱ ለሌላ ነገር ነው፤ ታዳሚም አልሆነም። ለእርሱ የሚሆን ቃል ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ አላገኘሁም።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ልጁን ጠርቼ ቀዩን መስመር በፊቱ ሰረዝሁት፤ ሁለቱን ነጥብ መለስሁለት፣ ይቅርታም ጠየቅሁት። ስለ አባቱም ጠየቅሁት። አባቱ በዕድራቸው ለ11 ዓመት ዕቃ ቤት ጠባቂ ሆነው ድንኳኑን፣ ብረት ድስቱንና ወንበሩን በመዝገብ እያወጡና እያስገቡ ኖረዋል፤ የዕድሩ ሊቀ መንበር በተመረጠ ቁጥር ሰዎች በሁለት ጎራ ሲከፈሉ ከማንም ወገን አልቆሙም። ልጁ «ቲፎዞ» ያለው ለዚያ ነው። ይህን ሳልጠይቅ ማረሜ አሳዝኖኛል።

የሬዲዮው ወንድሜ ስለ ቀይ ቀለሙ የሰጡኝን ምክር ተቀብያለሁ። ሰፈሩ ለፈረሰበት ወጣት የምመልሰው ቃል ግን የለኝም፤ ጓደኛውን ሳልሰይም ታሪኩን ለክፍሌ ልነግርና እነርሱ ምን ብለው እንደሚጠሩት ልጠይቃቸው አስቤያለሁ፤ ያገኙትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ጋሼ፣ ማክሰኞ ዕለት የ1954ቱን ቀን የጻፉትን ለተማሪዎቼ ጮክ ብዬ ላነብላቸው ይፈቅዱልኛል?

መልስ፦ ከስታዲየም ጀርባ ያደገ ጡረተኛ

ያንብቡላቸው እንጂ፣ ደስ ይለኛል። ዝምታው ሁለት ጊዜ እንደ ነበረ ግን አይዝለሉባቸው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር፣ ያን ጊዜም ከአጥሩ ሥር ተነሥቶ የሄደ ልጅ አልነበረም።